አራተኛው መስመር

አባቴ በሕይወት ዘመኑ «ጥፋቱ የኔ ነው» ሲል ከቤተሰቡ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ አልሰማችም፤ እህቴማ ጭራሽ። እኔ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ከቀናኝ በአንድ ከሰዓት ሦስት አራት ጊዜ እሰማው ነበር። ስምንት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜዬ በዓለም ላይ ከእኔ የበለጠ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር፤ እንዲህ እንዲመስለኝ ያደረገውም እሱ ራሱ ነው።

አባዬ በአዘቦት ቀን የመሬት ቀያሽ ነበር። ሜትሩን ትከሻው ላይ ጠቅልሎ፣ ጫማው ጭቃ ለብሶ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይመጣል። እሑድ ግን የሉተራን ቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን ተጫዋች ነው። መጫወት ብቻም አይደለም፤ ሰው ሁሉ ቆሞ የሚዘምረውን ዜማ የሚደርሰው እሱ ነበር። ቄሱ ግጥሙን ጽፈው ይሰጡታል። እሱ አንድ ሁለት ሳምንት ሲያጉረመርምበት ይከርምና፣ ቅዳሜ ከሰዓት የሳሎኑን መጋረጃ ስቦ፣ በእግር እየተረገጠ የሚነፋውን አሮጌ ኦርጋናችንን ከፍቶ «ሚጡ!» ብሎ ይጠራኛል።

ያን ጊዜ ቤቱ ጸጥ ይላል። እማዬ የመዘምራኑን ካባ የምትተኩስበትን ካውያ ታስቀምጣለች። እህቴ ደብተሯን ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣለች። እኔ እጄን ታጥቤ፣ እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮዬን ጠርጌ እገባለሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ዜማውን ያለ ቃል ሁለት ጊዜ ይጫወትልኛል። በሦስተኛው እኔ «ላ ላ ላ» እያልኩ እከተለዋለሁ። የሳትኩበት ቦታ ላይ በቀይ እርሳስ ነጥብ ያደርግና እንደገና ያስጀምረኛል። እንደገና ከሳትኩ ሁለተኛ ነጥብ። እዚያው ቦታ ለሦስተኛ ጊዜ ከሳትኩ እጆቹን ከኦርጋኑ ላይ ያነሳና፣ «ሦስት ጊዜ ከተሳሳትሽ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ይለኛል። ከዚያ ላጲሱን አንስቶ ያጠፋና ዜማውን የእኔ ድምፅ ወደሄደበት ያመጣዋል።

እስቲ ፍረዱኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ምን ብላ ትረዳዋለች? እኔ የተረዳሁት አባዬ ሲሳሳት እንደማርመው ነው። እራት ላይ «ዛሬ አባዬን አምስት ቦታ አረምኩት» እላለሁ። እማዬ ሳል ይይዛታል። አባዬ ከሳህኑ ቀና ሳይል «አዎ፣ አምስት ቦታ» ይላል። እኔ የልብ ልብ ይሰማኛል።

እህቴን ለምን አይጠራትም ብዬ አስቤ ነበር። መልሱንም አውቀው ነበር። ድምፅዋ መጥፎ ስለሆነ ነው።

ማስረጃ ነበረኝ። እህቴ በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እትዬ ነበር የምላት። ከሁለት ዓመት በፊት መዘምራን ውስጥ የገባች ሰሞን፣ አንድ እሑድ መዝሙሩ ተጋምሶ ሳለ ሰዉ አንድ በአንድ ዝም ማለት ጀመረ። ከፊታችን የተቀመጡት ሴትዮዎች ዞረው አዩዋት። አንድ ሽማግሌ መጽሐፋቸውን አጠፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። በመጨረሻ ከአባዬ ኦርጋንና ከእትዬ ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። እኔ በእማዬ ጉያ ተወሽቄ በእህቴ አፈርኩ። ሰው እንዲህ ዝም ያለው ምን ያህል አስቀያሚ ቢሆንበት ነው ብዬ።

ምሳ ላይ አባዬ ማንኪያውን ሳያነሳ ጀመረ።

«መዝሙር የጉባኤው ነው» አላት። «ለዚህ ነው እኛ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆኑም ልብስ አጣቢዋም እኩል የሚዘምሩት። አንቺ ዛሬ ከአፋቸው ነጠቅሻቸው።»

«ቀስ ብዬ እዘምራለሁ፣ አባዬ።»

«ቀስ ብለሽ ነበር። አይደበቅም። ከዛሬ ጀምሮ አፍሽን ብቻ ታንቀሳቅሻለሽ። ድምፅ እንዳታሰሚኝ።»

«እሺ፣ እንግዲያው ከመዘምራን ልውጣ?»

«የኦርጋን ተጫዋቹ ልጅ ወጣች ይበሉኝ? ካባሽን ለብሰሽ ትቆሚያለሽ፤ አፍሽን ትከፍቻለሽ፤ ትዘጊያለሽ። በቃ።»

እማዬ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። እትዬም ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ ከመዘምራኑ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ቆማ፣ እያንዳንዱን ቃል በከንፈሯ እየቀረጸች፣ ትንፍሽ ሳትል ሁለት ዓመት ቆመች። ይህን ዛሬ ስጽፈው እጄ ይከብደኛል። ያኔ ግን መሳቂያዬ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከፊት ከፊቷ ወደ ኋላ እየሄድኩ፣ ጉንጬን ነፍቼ፣ አፌን እከፍትና እዘጋባት ነበር። ስምም አወጣሁላት፦ ዓሣ። «ዓሣ፣ እስቲ ዘምሪልን!» የሰፈር ልጆች ወደዱት። በሁለት ሳምንት ውስጥ እህቴን በስሟ የሚጠራት የሰፈር ልጅ ጠፋ።

እሷ ጥርሷን ነክሳ ዝም ትላለች። ዝምታዋን ሽንፈት ነው ብዬ ወሰድኩት። ቂም ምን እንደሚመስል የነገረኝ አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያናችን ሃምሳኛ ዓመት የሚከበርበት ዘመን ደረሰ። ከዋናው ጽሕፈት ቤት አዲስ የመዝሙር መጽሐፍ እየተዘጋጀ ነበር፤ የኮሚቴው ጸሐፊም በዓሉ ላይ ሊገኙ ነው ተባለ። አባዬ ሃያ ዓመት ሙሉ የደረሳቸው ዜማዎች ከእኛ ግቢ ወጥተው አያውቁም። መጽሐፉ ውስጥ መግባት ማለት እሱ የማያውቃቸው ሰዎች እሱ በማያውቀው አገር ዜማውን ቆመው ይዘምሩታል ማለት ነው። ሌላ ምኞት አልነበረውም።

ጸሐፊው አስቀድመው ቤታችን መጡ፤ ከቄሱ ጋር ሆነው ሻይ እየጠጡ የኮሚቴውን ደንብ አስረዱ። አዲስ ዜማ መጽሐፉ ውስጥ የሚገባው በጉባኤ ፊት ተፈትኖ ነው። መዘምራን አስቀድመው አያጠኑትም። ኦርጋኑ አንድ ጊዜ ይጫወተዋል፤ ከዚያ ሁሉም ይነሳል። ጉባኤው በሁለተኛው አንቀጽ ከያዘው ይገባል፤ ካልያዘው ይቀራል።

«ካጠኑትማ ትርኢት ነው» አለ አባዬ ደስ ብሎት። «እኔም ከዚህ ሌላ አሠራር አላውቅም። እንዲያውም ላሳይዎት። ሚጡ!»

ገባሁ። አንድ አጭር ዜማ ተጫወተልኝ፤ ዘመርኩ። ሁለት ቦታ ሳትኩ፤ ቀይ ነጥቡን አደረገ። ጸሐፊው በጣም ሳቁ፤ አጨበጨቡም።

«እኔ ዜማ የምለካው በዚች ነው» አላቸው አባዬ ራሴን እየዳበሰ። «አንድ ጎዳና ሲቀየስ አሮጊቷ የምትራመድበትን አይቶ ነው፣ ሯጩን አይደለም።»

«ታላቋስ?» አሉ ጸሐፊው።

«እሷንማ ይተዉዋት። እሷ ምን ብሰጣት ትዘምረዋለች፤ ምን ይጠቅመኛል?»

ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ግን ጭራሽ ጆሮ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም ማለት ነው?» አሉ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ስለ እህቴ የሚያወሩ መስሎኝ አብሬ ሳቅኩ፤ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ። ከዚያ እጅ ነስቼ ወጣሁ። እትዬ ከበሩ ጀርባ፣ የተተኮሱ ካባዎች በሁለት እጇ ታቅፋ ቆማ ነበር።

ለበዓሉ ቄሱ የጻፉት ግጥም አባዬን አሳበደው። አራት መስመር ያለው ስድስት አንቀጽ ነበር፤ የእያንዳንዱ አንቀጽ አራተኛ መስመር «እኛ ስንሸሽህ ቀድመኸን ደረስህ» ይላል። ለዚህ መስመር ያወጣው ዜማ ከቅዳሜ ዜማዎቹ አንዱንም አይመስልም። ከታች ተነስቶ «ቀድመኸን» ላይ ሲደርስ ያለ ምንም መሰላል ድንገት ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያ ላይ ይቆያል፤ ከዚያ ተጣሞ፣ ሰው በማይጠብቀው በኩል ይወርዳል። ሦስት ወር ሙሉ ከሥራ ሲመጣ ጭቃውን እንኳ ሳያራግፍ እሱን ይጫወት ነበር። እማዬ ካውያዋን ይዛ ቆማ ስትቀር አይቻለሁ። ጨርቅ አቃጠለችበት።

«ለሰው ይከብዳል» አለችው አንድ ቀን።

«አውቃለሁ። ሚጡ ላይ እሞክረዋለሁ። እሷ ካቃታት አወርደዋለሁ» አላት። ይህን ሲላት ፊቱ የታመመ ሰው ፊት ይመስል ነበር። ማውረድ አልፈለገም። ሃያ ዓመት ለሌሎች ጉሮሮ ሲቆርጥና ሲያሳጥር ኖሮ፣ ለአንዴ እንኳ በራሱ ልክ ሰፍቶ ነበር።

በዚያው ሳምንት እትዬ ጓሮ ጠራችኝ። ካባዎቹ በገመድ ላይ ተሰጥተው ውሃቸውን ያንጠባጥባሉ፤ በመሀላቸው ገብተን ከቤት የሚያየን አልነበረም።

«የአባዬን አዲስ ዜማ ላስተምርሽ?» አለችኝ።

«አንቺ? አንቺ ደግሞ ምን ታውቂና?»

ዘመረችው። በሹክሹክታ ያህል ነው የዘመረችው። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ እንዲህም ሆኖ፣ ልበ ደንዳና ነበርኩና፣ «ዓሣም ትዘምራለች ለካ» አልኳት። ከሳቀች በኋላ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። የመጀመሪያው ቁንጥጫ ያ ነበር።

«ቅዳሜ ሲጠራሽ አንድም ሳትሳሳቺ ብትዘምሪለት ምን ያህል ደስ እንደሚለው ታውቂያለሽ?» አለች። «ድንገት ደስ ይበለው። እኔ ያስተማርኩሽ መሆኑን ግን ለማንም እንዳትናገሪ። ማዪ።»

«እማዬ ትሙት» ብዬ ማልኩ።

ሰባት ሳምንት አስተማረችኝ። በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ፣ በእርጥብ ጨርቅ መሀል። ሆዴ ላይ እጇን አድርጋ ትንፋሽ የሚቀመጠው እዚህ ነው አለችኝ። ወደ ላይኛው ድምፅ ከመድረሴ በፊት በሐሳቤ እንዳየው፣ መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ ለማውረድ እጅ ከመዘርጋት በፊት ቀና ብሎ እንደሚታየው፣ አስለመደችኝ። በሳትኩ ቁጥር ትቆነጥጠኛለች፤ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ። ክንዴ ጠቆረ፤ ከዚያ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ እንደገና ጠቆረ። ረጅም እጅጌ እየለበስኩ ደበቅኩት። ደስ ብሎኝ ነው የደበቅኩት። ማንም ሰው በሕይወቴ ያን ያህል ጊዜ ሰጥቶኝ አያውቅም። እትዬ ትወደኛለች አልኩ፤ እንዲያውም ዓሣ ማለቱን ተውኩላት።

አባዬ ሊሞክረኝ ሲነሳ ለበዓሉ አንድ ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር። ፈርቶ ነው ያዘገየው፤ ይህን አሁን አውቃለሁ። ያን ቅዳሜ መጋረጃውን ሳበ። ቀዩን እርሳስ ቀርጾ ከኖታው አጠገብ አስቀመጠ። ሁለት ጊዜ ተጫወተልኝ። በሦስተኛው ጀመርኩ።

አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው መስመር አለፈ። አራተኛው ላይ ቀና ብዬ አየሁትና ደረስኩበት። እዚያው ላይ ቆየሁ፤ ተጣምሜም ወረድኩ።

አባዬ እግሩን ከፔዳሉ ላይ አነሳ። «እንደገና» አለ። እንደገና ዘመርኩ። ሌላ ድምፅ ላይ አስነስቶ ሞከረኝ፤ ከፍ አድርጎ፣ ከዚያ ዝቅ አድርጎ። አልሳትኩም። ቀዩን እርሳስ አንስቶ አየውና ወደ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ግንባሬን ሳመኝ፤ እንባው አፍንጫዬ ላይ ወደቀ። በሩን በርግዶ ወደ እማዬ ሮጠ።

«ቻለችው! ሰማሽ? ጉባኤው ይችለዋል!»

«እርግጠኛ ነህ?» የእማዬ ድምፅ ነበር።

«ሚጡ እኮ ናት! ሚጡ ቻለችው እያልኩሽ! በመጀመሪያው! እንግዲህ የማይችለው ማን ነው?»

ሳሎኑ ውስጥ ብቻዬን ቆሜ ደረቴን ነፋሁ። ዛሬ፣ ያን ንግግር በእያንዳንዱ ቃሉ አስታውሼ፣ እንዴት እንዳልገባኝ ይገርመኛል። ሰው ሲወደድ ብዙ ነገር አይሰማም።

የበዓሉ እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ግጥሙ በወረቀት ታትሞ ለሁሉም ታደለ። ጸሐፊው ከፊት ወንበር ተቀምጠው ማስታወሻቸውን ጭናቸው ላይ ዘረጉ። እኔ ከእማዬ አጠገብ ነበርኩ። አባዬ ለጉባኤው ጀርባውን ሰጥቶ ኦርጋኑ ላይ ተቀመጠ፤ ዜማውን አንድ ጊዜ ተጫወተው፤ ሕዝቡ ተነሳ።

ሦስቱን መስመሮች ተያይዘው ሄዱ። አራተኛው ላይ ግማሹ ወደ ላይ ሞከረ፣ ግማሹ ባለበት ቀረ፣ አንዳንዱ ጭራሽ ወደ ታች ሄደ። ከኋላ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሰዉ ገና ከመጀመሪያው መስመር ፈራ፤ ድምፁ ሳሳ። መዘምራኑ አላጠኑትምና እርስ በርስ ይተያያሉ። በሦስተኛው አንቀጽ ሁሉም ዝም አለ።

እኔ አላልኩም። እንደውም አሁን ነው የጀመርኩት። ያ ሁሉ ሰው እኔን ለመስማት ዝም ያለ መሰለኝ። እትዬ የዘመረች ጊዜ ዝም ያሉት አፍረው ነው፤ እኔ ስዘምር ዝም ያሉት ግን ተደንቀው ነው፤ የልጅ ሂሳብ እንዲህ ነው። ወንበሩ ላይ ወጣሁ። እማዬ ቀሚሴን ትጎትታለች፤ እኔ እጇን እየመታሁ እዘምራለሁ። የሚዘምር ሰው እስካለ ድረስ ኦርጋን አይቋረጥምና አባዬም ማቆም አልቻለም። አንገቱ እስከ ጆሮው ቀልቷል።

ያን ጊዜ ዞሮ መዘምራኑን አየ። ዓይኑ ሁለተኛው ረድፍ ላይ እትዬን ፈልጎ አገኛት። በአገጩ ምልክት ሰጣት። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፤ ከዚያ ደጋግሞ። ከንፈሩ «ዘምሪ! ዘምሪ!» ሲል ከሩቅ ይታያል። እሷ ብታነሳው መዘምራኑ ይከተሏታል፤ መዘምራኑ ከያዙት ሕዝቡም ይገባበታል። ይህን እሱም እሷም ያውቁ ነበር።

እትዬ ዓይኗን ከዓይኑ ሳትነቅል አፏን ከፈተች። እያንዳንዱን ቃል በከንፈሯ አሳምራ ቀረጸችው፤ «ቀድመኸን» ላይ ቅንድቧ ሳይቀር ወደ ላይ ወጣ። ድምፅ ግን አልነበረም። እንደታዘዘችው።

አራተኛውን አንቀጽ ልጀምር ስል ቄሱ እጃቸውን አነሱና «እንጸልይ» አሉ። ጸሐፊው የእስክሪብቷቸውን ክዳን ገጠሙ።

ቤት ስንገባ አባዬ ኮቱን ሳያወልቅ ጠራኝ። እየሮጥኩ ሄድኩ። «እኔ ብቻ ነኝ አይደል የቻልኩት?» አልኩት።

«ማነው ያስተማረሽ?»

እትዬ ከማድቤቱ በር ላይ ቆማ ሰሃን ትወለውላለች። መሐላዬን አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር ግን መሐላው አይደለም አፌን የዘጋው። ክብሩን ለሁለት መካፈል አልፈለግኩም።

«ማንም። ራሴ ነኝ» አልኩት።

በጥፊ መታኝ። ነክቶኝ የማያውቅ አባቴ። ጆሮዬ ጭው አለ፤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። «አታለልሽኝ!» እያለ ይጮኻል። «ሃያ ዓመቴን አንቺን አምኜ... አታለልሽኝ! ሁለተኛ እዚህ ኦርጋን አጠገብ እንዳላይሽ!» ሰው በደንብ ስለ ዘመረ ይመታል? እማዬ ፎጣ አርጥባ ጉንጬ ላይ አደረገችልኝ። እኔም ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፤ ቀንቶብኛል አልኩ።

የእትዬ ዓይን እንዳረፈብኝ አስታውሳለሁ። አንዱን ሰሃን ጨርሳ ሌላውን አነሳች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መጋረጃው ተሳበ። እጄን ታጠብኩ። አባዬ በሩን ከፍቶ በእኔ ላይ አሻግሮ የጎረቤታችንን የጫማ ሰፊውን ልጅ ጠራ። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ማስነጠስና መዝፈን የማትለይ ልጅ ነበረች። በሩ ተዘጋ። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ልጅቷ ትስታለች፣ ትስታለች፤ የአባዬ ድምፅ ደግሞ ለስለስ ብሎ ይመጣል፦ «አይዞሽ፣ ሦስት ጊዜ ከተሳሳትሽ ጥፋቱ የኔ ነው።»

እትዬ በአጠገቤ ስታልፍ ቆም አለችና ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ፣ «አንቺም ዓሣ ሆንሽ» አለችኝ።

አባዬ በጫማ ሰፊው ልጅ ልክ ሌሎች አሥራ አንድ ዜማዎች ደረሰ። ደህና ዜማዎች ናቸው፤ ሁለቱ በኋላ በወጣው መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል። ያንን ግን ሁለተኛ አልተጫወተውም። እኔን ለሃያ ስድስት ዓመት በስሜ እንጂ ሚጡ ብሎ አልጠራኝም። እትዬ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ከቤት ወጣች፤ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሥራ፤ ዘፈንም መዝሙርም የለም።

ሁሉንም የነገረችኝ አባዬ በተቀበረ ማግስት ነው። ወረቀቶቹን ስናገላብጥ ከኖታዎቹ መሀል ከሙዚቃ ትምህርት ቤት ስለ እሷ የተጻፈ ደብዳቤ ወጣ፤ ፈተናውን አልፋለችና በነጻ እንቀበላታለን የሚል። ቀኑን አየሁት። ጓሮ ከጠራችኝ ቀን በፊት ባለው ሳምንት የተጻፈ ነው። ያኔ አንብባዋለች፤ አባዬ «ልጄ ፍላጎት የላትም» ብሎ የመለሰውንም አንብባለች። ከዚያ መለኪያው ማን እንደነበረ፣ ለምን እኔ እንደተመረጥኩ፣ ሰባቱን ሳምንት ምን ስትሠራ እንደከረመች ተራ በተራ ነገረችኝ። ስለ አየር ጠባይ እንደምታወራ ሰው ረጋ ብላ።

«እንደሚመታኝ ታውቂ ነበር?» አልኳት።

«አላውቅም ነበር ብዬ ብዋሽሽ ደስ ይልሻል?»

«እሺ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ስታስተምሪኝ... ትንሽ እንኳ አልወደድሽኝም?»

«ታታሪ ነበርሽ» አለችኝ። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ለአውቶቡሱ እንዳይረፍድባት ሄደች።

ባለፈው ዓመት አንዲት ሴት ቤቴ መጣች። መነጽር ያደረገች፣ ሥራዋን የምትወድ ሴት ናት፤ አሁን የሚዘጋጀው የመዝሙር መጽሐፍ አዘጋጅ ነች። የአባዬን የድሮ ወረቀቶች ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ውስጥ አግኝታ፣ ያንን ኖታ ይዛልኝ መጣች። ሦስቱ መስመሮች ደህና ናቸው። አራተኛውን አባዬ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ በቀይ እርሳስ ፍቆታል።

«እንዲህ ያለ ዜማ አላየሁም» አለች። «ወዴት ሊወጣ እንደነበረ ያጓጓል። እህትዎን ጠይቄ ነበር፤ ስልኩን ዘጉብኝ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ከእርስዎ በቀር ሌላ የሚያውቀው የለም ብለውኛል። ያስታውሱታል?»

አስታውሰዋለሁ። ሰሃን ሳጥብ፣ መንገድ ስሻገር፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ፣ ያ መስመር ውስጤ ወደ ላይ ወጥቶ ተጣሞ ሲወርድ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው። በሕይወቴ በትክክል የዘመርኩት ነገር እሱ ብቻ ነው።

ጉሮሮዬን ጠርጌ ዘመርኩላት። «ቀድመኸን» ላይ ስደርስ አልወጣሁም። እትዬ ሳታስተምረኝ በፊት ብሆን እንደምሄደው ሄድኩ፤ ባለሁበት መሬት ለመሬት፣ ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ታች። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ሄድኩ። ጻፈችው። ፊቷ ላይ ትንሽ ቅር የማለት ነገር አይቻለሁ፤ ግን ጨዋ ናትና አመስግናኝ ሄደች።

መጽሐፉ ወጣ። ከዜማው ሥር የአባቴ ስም በጉልህ ተጽፏል። ለመጀመሪያ ጊዜ በተዘመረበት እሑድ ኦርጋኑ አንድ ጊዜ ተጫወተው፤ ሕዝቡ ተነሳ፤ በሁለተኛው አንቀጽ ሕፃን ሽማግሌው ይዞታል፤ አንድም የሳተ አልነበረም። አጠገቤ የቆሙት ሴትዮ እንባቸውን እየጠረጉ ወደ እኔ ዞሩ።

«አባትሽ እንዲህ ነበር የሚደርሱት?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው። «ልክ እንዲህ ነበር።»